ጣናና ብዝኀ ሕይወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ ስለ ሐይቁ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሂድ።

ብዝኀ ሕይወት ማለት ምን ማለት ነው?

ባጭሩ የሕይወት ዓይነት መብዛት ነው። በሦስት መልክ ይታያል። የመጀመሪያው የዝርያ ልዩነት ነው፤ ቆሮሶና አምባዛ ሁለት የዓሣ ዝርያ ናቸው። ሁለተኛው በአንዱ ዝርያ ውስጥ ያለው ልዩነት ነው። ነጭ ጤፍም ቀይ ጤፍም ጤፍ ነው፤ ግን ገበሬው አንዱን ለአንዱ መሬት፣ ሌላውን ለሌላው መሬት ይመርጠዋል። የፎገራ ላምም እንደዚሁ ናት። ከሌላው ላም ጋር አንድ ዝርያ ሆና ረግረጉንና የክረምቱን ጎርፍ የለመደች ናት።

ሦስተኛው የመኖሪያው ልዩነት ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ስትሄዱ መጀመሪያ ደንገሉን ታልፋላችሁ። ከዚያ ክፍት ውሃ ነው። ከዚያ ደኑ ይቀበላችኋል። በአንድ ሰዓት መንገድ ሦስት ዓለም አያችሁ ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ የሚኖረው ፍጥረትም ለየቅል ነው።

ታዲያ ብዙ ነገር ካለ ብዝኀ ሕይወት አለ ማለት አይደል?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብዛት "ስንት ናቸው?" ብሎ ይጠይቃል። ብዝኀነት "ስንት ዓይነት ናቸው?" ይላል። አንድ ሄክታር ባሕር ዛፍ ውስጥ የትየለሌ ግንድ አለ፤ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። አጠገቡ ያለች ትንሽ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ግንዱ ቢያንስም ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዶቅማ፣ ሾላ ታገኛላችሁ። ከሥራቸው ደግሞ በዛፍ ቁጥር የማይገባ ስንት ሐረግ፣ ወፍና ነፍሳት አለ።

ይህን ልዩነት ያዙልኝ። የጣና ችግር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ይመጣል።

በምድር ላይ ስንት ዓይነት ፍጥረት አለ?

ሳይንስ ስም ያወጣላቸው ወደ 2 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ግማሽ የሚሆኑት ነፍሳት ናቸው፤ ጥንዚዛ ብቻውን 400 ሺህ ያህል ዓይነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ባክቴሪያንና መሰሎቹን ሳይቆጥር፣ በጠቅላላው ወደ 8.7 ሚሊዮን ዝርያ ይኖራል ብሎ ገምቷል። ግምቱን ከፍ የሚያደርጉም ዝቅ የሚያደርጉም አሉ። በሁሉም ስሌት ግን ስም ያልወጣለት ስም ከወጣለት ይበልጣል።

በአገራችን ወደ 6,000 የሚሆኑ ዕፅዋት ተመዝግበዋል። ከአሥሩ አንዱ ያህል ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይበቅልም።

በክብደት ቢመዘን ማን ይበልጣል?

ዕፅዋት፣ ያውም በብዙ እጥፍ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት የምድርን ሕይወት በሙሉ በውስጡ ባለው ካርቦን መዝኖ 550 ቢሊዮን ቶን ያህል አገኘ። 450ው የዕፅዋት ነው። 70 ያህሉ የባክቴሪያ ነው፤ በዓይን የማይታየው ፍጥረት ማለት ነው። እንስሳት ሁሉ፣ ከዓሣ ነባሪ እስከ ጉንዳን፣ ተደምረው 2 ቢሊዮን ቶን ብቻ ናቸው። የሰው ልጅ ከአንድ ቢሊዮን ቶን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ሌላ ነው። በምድር ላይ ያሉትን አጥቢ እንስሳት ሁሉ መቶ ኪሎ ናቸው በሉ። ከዚያ ውስጥ 60 ኪሎው የቤት እንስሳ ነው፤ ላም፣ አሳማ፣ በግ። 36 ኪሎው ሰው ነው። ለዱር አጥቢዎች በሙሉ የቀረችው 4 ኪሎ ናት። የጣና ጉማሬ ከዝሆኑና ከዓሣ ነባሪው ጋር ተጨናንቆ ያለው በዚያች አራት ኪሎ ውስጥ ነው።

ጣና ውስጥ ምን ምን ይኖራል? አዞስ አለ?

አዞ የለም። አዞ የምታገኙት ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች፣ ወንዙ ወደ ቆላው ከወረደ በኋላ ነው። ጉማሬ ግን አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ወደ ማታ ብቅ ሲል ይታያል። ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ከዚያ ተመልሶ እበቱን ውሃው ውስጥ ይጥላል። ያ እበት የየብሱን ሣር የውሃው ምግብ ያደርገዋል። ፎቶ ለማንሣት ብላችሁ በትንሽ ጀልባ አትጠጉት፤ ጉማሬ የዋህ አይደለም።

ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ በአገሪቱ ትልቁ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። ሰፊ ሳሕን እንጂ ጉድጓድ አይደለም። ዳሩ ላይ አርጃኖ አለ። ነጭ ራስ ያለው ዓሣ አዳኝ ንስር አለ። ፔሊካን አለ። ከሁሉም በላይ ግን ዓሣው ነው። ከ28 ገደማ የዓሣ ዝርያዎች 20 ያህሉ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም።

ዓሣዎቹ ይህን ያህል ምን የተለየ ነገር አላቸው?

አንድ ማለዳ ከአንድ ሸምገል ያሉ አሥጋሪ አጠገብ ቆሜ ነበር። ጀልባው ወለል ላይ ከዘረገፉት ዓሣ አንዱን አነሣሁና "ጋሼ፣ ይኼ ምን ይባላል?" አልኳቸው። "ነጭ ዓሣ።" ሌላ አነሣሁ። "ያም ነጭ ዓሣ ነው።" ሦስተኛውን ሳነሣ ሳቁ። ከእጄ ወሰዱና አፉን በአውራ ጣታቸው ከፈት አደረጉት። "ለገበያ ሁሉም ነጭ ዓሣ ነው ልጄ። እንጂማ አፉን አታይም? ይኼ ዓሣ ይበላል፤ ያ ጭቃ ይለቅማል።" ቀረብ ብዬ አየሁት። የአንዱ አፍ ሰፊ ነው፤ ወደ ላይ ይከፈታል። የሌላው ከንፈሩ ወፍራም፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። አንዱ ዓይኑ ትልልቅ ነው። አንዱ ጀርባው ጎብጧል።

እሳቸው በአውራ ጣት ያሳዩኝን ነገር ሳይንስ ለመቀበል ጊዜ ወስዶበታል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ እነዚህን ዓሣዎች ለያይቶ ስም ሰጥቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ግን ሁሉም ተጠቅልለው አንድ ዝርያ ናቸው ተባለ። ከዚያ በ1990ዎቹ ሊዮ ናገልኬርክና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እንደገና አንድ በአንድ አዩአቸው። ምን እንደሚበሉ፣ የት ጥልቀት ላይ እንደሚውሉ፣ አጥንታቸው እንዴት እንደተሠራ መረመሩ። ወደ 15 የሚሆኑ የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ላቤኦባርበስ የሚባል የጋራ ስም አላቸው። አንደኛው በጎርጎራ ስም ጎርጎሬንሲስ ተብሏል።

አስገራሚው ነገር እነዚህ ዓሣዎች አፋቸው ውስጥ ጥርስ የላቸውም። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ዘመዶቻቸው አብዛኛዎቹ ጭቃና ሣር ለቃሚ ናቸው፤ ዓሣ አሳዶ ለመያዝ የሚመች አፍ የላቸውም። በጣና ግን ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በል ሆነዋል። ከአንድ የወንዝ ዓሣ ተነሥተው፣ ተቀናቃኝ አዳኝ እምብዛም በሌለበት ሐይቅ ውስጥ፣ ሥራውን ተከፋፈሉት። በዓለም ላይ የዚህ የዓሣ ቤተሰብ ትልልቅ ዝርያዎች እንዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተፈልፍለው አሁንም በሕይወት ያሉት እዚህ ብቻ ነው። እኛ ግን ሁሉንም "ፊሌቶ" ብለን በአንድ ሳሕን እንበላቸዋለን።

ደኑና ገዳማቱ ከሐይቁ ሕይወት ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

በሐይቁ ዙሪያ ነባሩ ደን በብዛት የተረፈው ቤተ ክርስቲያን ባለበት ነው። ደሴቶቹ ላይ፣ ዘጌ ላይ፣ በየደብሩ አጥር ውስጥ። ቀድሞ ሰፊ የነበረው ደን አሁን በእርሻ ባሕር መካከል እንደ ደሴት ቀርቷል። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው። ነገሩ አቡነ በትረ ማርያም ካወጡት ሥርዓት ጋር ተያይዞ ይነገራል። ሕዝቡ የሚኖረው ከዛፉ ሥር በሚበቅለው ቡና ነው። ዛፉ ከተቆረጠ ቡናው ጥላ ያጣል፤ ስለዚህ ዛፉ ይጠበቃል።

አንድ ሾላ ብቻ ልንገራችሁ። ፍሬው ግንዱ ላይ ተለጥፎ ሲበስል አንዷን ቆርጣችሁ ለሁለት ክፈሏት። ከውስጥ ከትንኝ የሚያንሱ ጥቁር ነገሮች ይወጣሉ። ተባይ ገባባት ብላችሁ አትጣሏት። የሾላ አበባ ያለው በፍሬው ውስጥ ነው፤ ከውጭ አይታይም። ወደ ውስጥ ገብታ የምታዳቅለው ያች ትንሽ ተርብ ናት። ሴቷ በጠባቧ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይሰበራል። እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። ወንዶቹ ክንፍ ሳይኖራቸው ይወለዳሉ፤ ለእህቶቻቸው መውጫ ቀዳዳ ቦርቡረው እነሱም እዚያው ይቀራሉ። ተርቧ ከጠፋች ሾላው ዘር የለውም። ሾላው ከጠፋ ጦጣው፣ የሌሊት ወፉ፣ ወፉ ሁሉ ከአንድ ትልቅ ማዕድ ይነሣል። አንድ ዛፍ ቆረጥን ስንል ስንቱን እንደቆረጥን የምናውቀው እንዲህ ቀርበን ስናይ ነው።

በበጋ የሚመጡት ወፎች ከየት ነው የሚመጡት?

ብዙዎቹ ከአውሮፓና ከሩሲያ ብርድ ሸሽተው ነው። ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያላቸው ግራጫዎቹ ክሬን ይባላሉ። በየዓመቱ በሺዎች እየሆኑ መጥተው ሐይቁ ዳር ያድራሉ፤ ቀን በታጨደ ማሳ ላይ የረገፈ እህል ይለቅማሉ። ፎገራ ሜዳ ላይ በጥር ጠዋት ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። የእኛው የሆኑት፣ ራሳቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፉት ክሬኖች ግን የትም አይሄዱም። እዚሁ ረግረጉ ውስጥ ይራባሉ።

ደንገል ከታንኳ ሌላ ምን ይጠቅማል?

ታንኳው ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። የወይጦ ማኅበረሰብ ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ ጠፍሮ ሲሠራው ላየ ሰው ያ ሙያ በራሱ ቅርስ ነው። ደንገሉ ሲያልቅ ሙያውም አብሮ ያልቃል።

ለሐይቁ ደግሞ ደንገል ወንፊት ነው። ከእርሻ የሚመጣውን ደለልና ማዳበሪያ ሥሩ ላይ ይይዘዋል። የዓሣ ጫጩት ሥሩ ውስጥ ይደበቃል። ወፍ ጎጆ ይሠራበታል። ለእርሻ ወይም ለግንባታ ተብሎ ሲመነጠር ጎርፉ ያለ ወንፊት ቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

እንቦጭም ሕይወት ያለው አረንጓዴ ተክል ነው። ለምን ጠላት ተደረገ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ይመጣል። እንቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እዚያ የሚበሉት ነፍሳትና የሚያጠቁት በሽታዎች ስላሉ ልክ አለው። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታይ ግን የሚነካው አልነበረም። ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓመት ዘመቻ ተደርጎ በሚቀጥለው ዓመት "ተመልሶ መጣ" ስንል አልሄደም ነበር ማለት ነው።

ሐይቁን ሲሸፍነው ከሩቅ ለምለም ሜዳ ይመስላል። ነገር ግን ብርሃን ወደ ታች አይገባም፤ አየሩም ያጥራል። ዓሣው ይሸሻል ወይም ይሞታል። ታንኳ አያልፍም፤ መረብ አይጣልም። በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ያለው ገበሬ በሬውን ውሃ ማጠጫ ያጣል። ብዛት አለ፣ ያውም ብዙ ቶን። ብዝኀነት ግን የለም። አንድ ተክል የሃያውን ቦታ ይዞ ቁጭ ብሏል።

በእጅ ስታወጡትም ቆራርጣችሁ ዳር ላይ አትተዉት። ቁራጩ ውሃ ካገኘ እንደገና ይበቅላል። ከውሃው ርቆ ተከምሮ መድረቅ አለበት። ደግሞም የሚያፋፋው ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማችን የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ያ ሳይቆም ነቀላው ብቻ ማለቂያ የለውም።

ዩኔስኮ መዝግቦት የለም ወይ? ታዲያ ለምን ይጎዳል?

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ከሐይቁ ጋር ዙሪያው ጭምር ወደ 696 ሺህ ሄክታር ነው። ይህ ግን አጥር አይደለም። ባዮስፌር ማለት ሰው እየኖረበት፣ እያረሰበት፣ እያሠገረበት የሚጠበቅ ቦታ ነው። በጥብቅ የሚከለለው መሐሉ ትንሽ ነው፤ የቀረው በነዋሪው አያያዝ ላይ የተጣለ ነው። መዝገቡ ስም ይሰጣል፤ ጎርፍ አያቆምም።

እኔ እንደ አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ ምን ላድርግ?

ባጃጅና መኪና ሐይቁ ወይም ዓባይ ዳር አታሳጥቡ። ሳሙናውና ዘይቱ ቀጥታ ነው የሚገባው። የግቢያችሁ ፍሳሽ ወዴት እንደሚሄድ አንድ ቀን ተከትላችሁ እዩ፤ እኔ ያየሁ ቀን ደስ አላለኝም።

ዓሣ ስትገዙ ደግሞ ወራቱን እዩ። በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ነጭ ዓሣ ሲቀርብላችሁ ተዉትና ቆሮሶ ጠይቁ። ፍልሰታ እዚያው መሐል ላይ ስለሚውል በዚያን ሰሞን ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው። የሚበላ ሰው ግን ቢያንስ መምረጥ ይችላል።

ቆሮሶ እስካለ ድረስ ነጭ ዓሣ ቢያልቅ ምን ይጎድላል?

ቆሮሶ ጠንካራ ነው። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ትራባለች። ነጭ ዓሣ እንዲህ አይደለም። ቀስ ብሎ ያድጋል። ከዝርያዎቹ ገሚሱ በክረምት ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን ንጹሕ ጠጠር ባለበት፣ ውሃው ሮጥ ሮጥ በሚልበት ይጥላሉ። ሲወጡ ሁሉም በአንድ ጊዜ በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። መረቡም የሚጠብቃቸው እዚያ ነው። የተያዘችው ገና ሳትወልድ ነው። ከመረብ ብታመልጥም አሸዋና ጠጠር ስለተዛቀ፣ ወንዙም ለመስኖ ስለተጠለፈ የምትጥልበት ታጣለች።

ውጤቱ ታይቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 አካባቢ (እ.ኤ.አ.) የተደረጉ ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ ወንዝ ወጪዎቹ ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው ተገኝተዋል። ያኔ እንቦጭ ገና አልመጣም ነበር። ቆሮሶ የነሱን ሥራ አይሠራም። ትንንሽ ዓሣ አሳዶ አይበላም፤ ከጥልቁ ቀንድ አውጣ አይለቅምም። መረቡ ላይ የኪሎው ቁጥር ለጊዜው ላይቀንስ ይችላል። ሐይቁ ውስጥ ግን ሥራው ሠራተኛ አጥቶ ይቀራል።

ዝርያ ድሮም ሲጠፋ የኖረ ነው። አሁን ለምን እንጨነቃለን?

እውነት ነው፤ ድሮም ጠፍቷል። ጣና ራሱ ጠፍቶ ያውቃል። ሐይቁ ወለል ላይ ያለው ደለል ተቆፍሮ ሲታይ፣ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ውሃው ደርቆ እንደነበር ታውቋል። ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ነው እንደገና የሞላው። የዛሬው ጣና ያኔ ከተመለሰው ውሃ የተነሣ ነው። ሕይወት ተመልሶ ይመጣል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢጠቅሱ አልከራከራቸውም።

የምከራከረው ጊዜው ላይ ነው። ያ ሁሉ የአፍ ዓይነት፣ ሰፊው፣ ወፍራም ከንፈሩ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለው፣ የተሠራው በሺህ ዓመታት ነው። ሦስት አራተኛው የጎደለው በአሥር ዓመት ውስጥ ነው። ከሌላ ቦታ ይመጣል እንዳይባል ደግሞ ሌላ ቦታ የለም። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይ አለ። አርባ ሜትር ያህል ወደ ታች ይወረወራል። ከዚያ በታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ አይወጣም።